ምዕራፍ አራት፦ ሰማይ ሳይጠቁር የሚመጣ ጎርፍ

ድሬዳዋ ዝናብ የማይበዛባት ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ አዲስ አበባ ከምታገኘው ግማሽ ገደማ ሲሆን፣ መሃሏን ሰንጥቆ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝም ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የማይታይበት፣ ሰው የሚሻገርበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ነጋዴ ሸቀጡን የሚዘረጋበት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ይኸው የአሸዋ ሜዳ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችንም ከቤት ንብረታቸው አፈናቀለ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ በዳሰነች አካባቢ ሞልቶ 364 ሰዎች በመሞታቸው፣ 1998 በአገሪቱ የጎርፍ ታሪክ እጅግ ከከፉት ዓመታት አንዱ ሆኖ ይታወሳል። ይሁን እንጂ የዳሰነች ጎርፍ በትልቅ ወንዝ ዳር የደረሰ ሲሆን፣ የድሬዳዋው ግን ውሃ በተጠማች ከተማ ላይ የደረሰ ነው፤ ለጎርፍና ለድርቅ፣ ለሙቀትና ለወረርሽኝ በአንድ ጊዜ የተጋለጡ የከተማ ሰፈሮች እንዴት ሊዘጋጁ እንደሚችሉ ለሚመረምር ሰው ድሬዳዋን የሚያክል አስተማሪ በቀላሉ አይገኝም።

የከተማይቱ አቀማመጥ ራሱ የታሪክ ውጤት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስላልቻለ፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከደቻቱ ወዲህ በባቡር ኩባንያው ፕላን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የጥላ ዛፎች ያሉት ከዚራ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ በገበያና በጠባብ መንገዶች ዙሪያ የተጠጋጋው መጋላ አደጉ። ከከተማው በስተደቡብ ግን መሬቱ ወዲያው ተነስቶ፣ በአጭር ርቀት ውስጥ፣ በደንገጎ በኩል ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው የሐረርጌ ደጋ ይወጣል። የደቻቱ ገባሮች የሚነሱት ከዚያ ነው።

እንዲህ ባለው አቀማመጥ የሚፈጠረው ጎርፍ በአማርኛ ደራሽ የሚባለው ዓይነት ነው። ደጋው ላይ ለአጭር ጊዜ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል፣ ዛፍና ቁጥቋጦ የተመነጠረበት ተዳፋት ውሃውን ወደ ውስጥ ከመምጠጥ ይልቅ አፈሩን ጭምር እያጠበ ወደ ሸለቆው ያንደረድረዋል፤ ከየሸለቆው የሚወርደው ውሃ ሜዳው አፍ ላይ ሲገናኝ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ደረቅ የነበረው አሸዋ ድንጋይና ግንድ የሚያንከባልል ወንዝ ይሆናል። ከተማውን የሚያጥለቀልቀው ዝናብ የግድ ከተማው ላይ የዘነበ ዝናብ አይደለም። የመጋላ ሰው ሰማዩን አይቶ ክፉና ደጉን ለመለየት ቢሞክር፣ ሰማዩ እውነቱን ላይነግረው ይችላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዝግተኛ ውሃ ነው፤ ደቻቱ ለማሳሳቅ እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

የአየር ንብረት ለውጥ በዚህ ውስጥ የሚገባበት መንገድ በአንድ የፊዚክስ ሕግ ይገለጻል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሊሸከመው የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የምድር ገጽ አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረው በአንድ ዲግሪ ከፍ ካለ ደግሞ ቆይቷል። ስለዚህ የዓመቱ ዝናብ ድምር ባይጨምር እንኳ፣ ዝናቡ በጥቂት ቀናት ተጠቃሎ በኃይል የመውረድ ዕድሉ ይጨምራል፤ በዝናቦቹ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜም የበለጠ ይሞቃል። ይህ ማለት ግን የ1998ቱን እልቂት ለሰማዩ ብቻ ማሸከም ይቻላል ማለት አይደለም። የተራቆተው ተዳፋት፣ በወንዙ ዳር የተሠራው ቤት፣ ሌሊት ማንቂያ ያልደረሰው ቤተሰብ ሁሉም ከሰማይ የወረዱ ነገሮች አይደሉም። አየር ንብረትን ለሁሉም ጥፋት ተጠያቂ ማድረግ ለከተማ አስተዳዳሪ የሚመች ሰበብ መሆኑንም መርሳት አይገባም።

የዘርፉ ተመራማሪዎች ሥጋትን በሦስት ነገሮች ከፍለው ያዩታል። የመጀመሪያው አስጊ ክስተቱ ራሱ፣ ማለትም ጎርፉ፣ ሙቀቱ ወይም ድርቁ ነው። ሁለተኛው ሰውና ንብረት ክስተቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መገኘታቸው ነው። ሦስተኛው ተጋላጭነት የሚባለው ሲሆን፣ ክስተቱ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚጎዱና ከጉዳቱ በኋላ መልሰው ለመቆም ምን ያህል አቅም እንዳላቸው የሚያመለክት ነው። አንድ ዓይነት ውሃ የገባባቸው ሁለት ቤቶች አንደኛው በድንጋይ መሠረት ላይ ቆሞ ወለሉን ጠርጎ ሲያድር፣ ሌላው የጭቃ ግድግዳው ረጥቦ በተኙት ላይ ሊናድ ይችላል። አንደኛው ባለቤት የባንክ ሒሳብ ሲኖረው፣ ሌላኛዋ ሀብቷ በሙሉ በጎርፉ የተወሰደው የጉሊት ዕቃ ሊሆን ይችላል።

ሰዎች በወንዝ ዳር የሚሰፍሩት አደጋውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የወንዙ ዳር ለቀፊራ ገበያ ቅርብ ነው፤ የቀን ሠራተኛ፣ ተሸካሚና የጉሊት ነጋዴ ለመጓጓዣ ሳይከፍሉ በጠዋት ሥራቸው ላይ ይገኛሉ። ርካሽ የሚባል ቤት ከከተማው ዳር ቢገኝ እንኳ፣ የታክሲው ወጪና በመንገድ የሚባክነው ሰዓት ሲደመሩ ቤቱ ርካሽ መሆኑ ይቀራል። ሕጋዊ ቦታ በሊዝ ማግኘት ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚገባበት ቤት፣ ሕዝቡ ጨረቃ ቤት ያለው፣ የሚቆመው ማንም በማይፈልገው መሬት ላይ ነው፤ ማንም የማይፈልገው መሬት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውሃው የሚፈልገው መሬት ነው።

ለዚህ የይዞታ ጥያቄ መጨመር ያለበት ሌላ ታሪክ አለ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ፣ በኢትዮጵያ ከተሞች እጅግ ብዙ ቤተሰቦች በቀበሌ ቤት ተከራይተው ኖረዋል። ኪራዩ በጣም አነስተኛ መሆኑ ድሃውን ከጎዳና አድኖታል፤ ይሁንና ቤቱን የሚያድስ ባለቤት አልነበረም። ቀበሌው ከኪራዩ ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አያገኝም፣ ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ፣ ነገ ለልማት ሊፈርስ በሚችል ቤት ላይ ወለል ከፍ አያደርግም፣ የመሠረት ድንጋይ አያስገባም። አንድን ሰፈር ለአየር ንብረት ለውጥ አዘጋጃለሁ የሚል ፕሮጀክት ሁሉ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ ነዋሪው በዚህ ቤት ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ያውቃል? መልሱ አያውቅም ከሆነ፣ ስለ ቤት ማጠናከር የሚሰጠው ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

ከ1998 በኋላ በደቻቱ ግራና ቀኝ የድጋፍ ግንቦች ተሠርተዋል፤ በተራራው ላይም የእርከን፣ የክትርና የችግኝ ተከላ ሥራዎች ተከናውነዋል። የግንቡ ጥቅም አያጠያይቅም። ሆኖም ግንብ የሚሠራው ለአንድ የተወሰነ የውሃ መጠን ነው፤ ያ መጠን የተሰላውም ካለፉት ዓመታት መዝገብ በመነሳት ሲሆን፣ የነገው ዝናብ ግን መዝገቡን የማክበር ግዴታ የለበትም። በብዙ አገሮች እንደታየው፣ ግንብ ሲቆም ከጀርባው ያለው መሬት የተጠበቀ ስለሚመስል ዋጋው ይጨምራል፣ ቤቱ ይበዛል፣ ሰውም ይዘናጋል፤ በመጨረሻ ግንቡን የሚያልፍ ውሃ ሲመጣ የሚያገኘው ሕዝብ ግንቡ ባይኖር ኖሮ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ግንብ ወንዙ ወደ ሰፈር እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ፣ ሰፈር ውስጥ የዘነበውን ዝናብም ወደ ወንዙ እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህ ውሃ መውጫው በግንቡ ሥር የሚያልፈው ቱቦና የውስጥ ለውስጥ ቦይ ብቻ ነው፤ ቦዩ በፕላስቲክና በአሸዋ ከተደፈነ ሰፈሩ ከግንቡ ጀርባ በራሱ ውሃ ይጥለቀለቃል። ለግንቡ በጀት የሚመድብ አስተዳደር ለቦዩ ጠራጊ ደመወዝ ካልመደበ፣ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ሌላው የተለመደ መፍትሔ ነዋሪውን ማንሳት ነው። በወንዙ መውረጃ ውስጥ ያለ ቤት በምንም ዘዴ ሊድን የማይችልበት ጊዜ ስላለ፣ ማንሳት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ አነሳሱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ናይሮቢ በጎርፍ ስትመታ፣ መንግሥት በወንዞች ዳር የነበሩ ቤቶችን በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ አፈረሰ፤ ጎርፍ ያፈናቀለውን ሰው መልሶ ማፈናቀል ሆነ። ይህ የሚያስቆጨው እዚያችው ከተማ ውስጥ የተሻለ መንገድ ተጀምሮ ስለነበር ነው። ሙኩሩ የሚባሉት ከ100 ሺህ በላይ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው የቆርቆሮ ሰፈሮች እ.ኤ.አ. በ2017 በከተማው አስተዳደር ልዩ የፕላን ቀጠና ተብለው ታወጁ። ነዋሪው በአሥር በአሥር ቤተሰብ ተደራጅቶ፣ ተወካዮቹን ልኮ፣ ከአርባ በላይ ከሚሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ሲቪል ድርጅቶች ጋር ፕላኑን አወጣ። ከብዙ ክርክር በኋላ ከተወሰኑት ነገሮች አንዱ የመንገዶቹ ስፋት ነበር፤ የከተማው ደንብ የሚጠይቀው ስፋት ቢተገበር እጅግ ብዙ ቤቶች ይፈርሱ ስለነበር፣ ጎርፍ ለማስወጣትና አምቡላንስ ለማስገባት የሚበቃ ጠበብ ያለ መንገድ ተመረጠ። በኋላም በሰፈሩ መንገድ፣ የውሃ መስመርና ፍሳሽ ማስወገጃ ተሠርቷል። የደንብ መጽሐፍ ስለ ሜትር ሲናገር ስለ ሰው መኖሪያም እንደሚናገር የሚያውቅ መሐንዲስ በየከተማው ያስፈልጋል።

ለድሬዳዋ ዓይነት ከተማ ግን ከግንብም ከማንሳትም የሚቀድም፣ ወጪውም አነስተኛ የሆነ ሥራ አለ፤ እርሱም ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲባል መሣሪያ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በደጋው የዝናብ መለኪያ መትከል የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ደጋው ላይ ያለው ሰው ያየውን ለማን ይደውላል? የተደወለለት ሰው አለቃውን ሳያስፈቅድ ማንቂያ የማሰማት ሥልጣን አለው? ማንቂያው በሌሊት በምን ድምፅ ይሰማል? የሰማውስ ሰው በየትኛው መንገድ ወዴት ይወጣል? ከእነዚህ አንዱ ከተበጠሰ ቀሪው ሁሉ ዋጋ የለውም። በድሬዳዋ ደግሞ የደቻቱ ተፋሰስ የላይኛው ክፍል በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን፣ ማለትም በኦሮሚያ ክልል ሥር ሲሆን፣ ጎርፉ የሚያርፈው በድሬዳዋ አስተዳደር ላይ ነው። ስለዚህ የተራራው ገበሬ እርከኑን የሚጠብቀው፣ ዝናቡንም የሚያሳውቀው፣ ለሌላ አስተዳደር ጥቅም ነው፤ ይህ ሥራ በስብሰባ መግለጫ ሳይሆን በጀትና ኃላፊነት በተጻፈበት ስምምነት መታሰር አለበት። የማንቂያውን ድምፅ በተመለከተ የመስጊድ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያን ደወል በየሰፈሩ አሉ፤ ሌሊት ሰው መቀስቀስ የዕለት ተዕለት ሥራቸው ስለሆነ ከማናቸውም አዲስ ሳይረን በፊት ሊታሰቡ ይገባቸዋል።

ማንቂያ የሰማ ሰው ሁሉ ግን ራሱን ችሎ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ቺካጎን የመታው የሙቀት ማዕበል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ ሳምንት በተለመደው ጊዜ ከሚሞተው ሰው በላይ 739 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። ሶሲዮሎጂስቱ ኤሪክ ክሊነንበርግ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድሃ ሰፈሮችን ሲያነጻጽር፣ በአንደኛው የሞት መጠን ከሌላው አሥር እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። ብዙ ሰው የሞተበት ሰፈር ፋብሪካዎቹ የተዘጉበት፣ ሱቆቹ የጠፉበት፣ አዛውንቱ ወደ ውጭ ለመውጣት የሚፈሩበት ነበር፤ ሌላው ግን መንገዱ በሰውና በንግድ የተሞላ በመሆኑ ሽማግሌዎቹ ከሞቀው ቤታቸው ይወጡ፣ ቢቀሩም የሚፈልጋቸው ሰው ያገኙ ነበር።

ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚያስበው ስለ ዕድር ነው፤ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ ደግሞ አፎሻ ስለሚባለው ማኅበር። በእርግጥም ማን የት ቤት እንደሚኖር፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ ከዕድር ጸሐፊ መዝገብ የበለጠ የሚያውቅ ሰነድ በማንኛውም መሥሪያ ቤት የለም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ጥሪ የማድረሻ ሥርዓቱም በአደጋ ጊዜ የሚፈለገው ራሱ ነው። ነገር ግን ዕድርን ማሞገስ ብቻ አይበቃም። ዕድር የሚያውቀው አባላቱን ነው፤ ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው፣ ትናንት ከገጠር መጥቶ ጥገኛ ሆኖ የሚያድረው፣ በቤት ሠራተኛነት ያለችው ልጅ፣ በረንዳ የሚተኛው ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ጎርፍ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ እነዚህን ነው። ስለዚህ የሰፈር ዝርዝር በዕድር ይጀመር እንጂ በዕድር ማለቅ የለበትም።

ጎርፍ ስለሚታይ ይነገርለታል፤ ሙቀት ግን በዝምታ ይገድላል። የሕንድ ከተማ አህመዳባድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ሙቀቷ 46.8 ዲግሪ በደረሰበት ወር ከተለመደው በላይ 1,344 ሰዎች እንደሞቱባት በኋላ በተደረገ ጥናት ታወቀ። ከተማዋ በ2013 በደቡብ እስያ የመጀመሪያ የሆነውን የሙቀት ዕቅድ አወጣች። ዕቅዱ የትንበያውን መጠን በቀለም ይለያል፤ ቀዩ ሲታወጅ የጤና ሠራተኛው፣ የውሃ ማደያው፣ የስልክ መልእክቱ እያንዳንዱ ሥራው ተለይቶ ይታወቃል። በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከላይኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ይህን ለማድረግ ያስፈለገው ማሰብ ብቻ ነበር። በ2018 የታተመ ግምገማ ዕቅዱ በዓመት በአማካይ 1,190 ሞት ሳያስቀር እንዳልቀረ ገምቷል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ድሆች ጣሪያቸውን ፀሐይ በሚመልስ ነጭ ቀለም እንዲቀቡ መደረጉም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ቆርቆሮው በቀን ምጣድ ለሚሆንባት ድሬዳዋ ይህን ዘዴ ለመሞከር ረጅም ጥናት አያስፈልጋትም።

ሙቀቱ ከውሃ እጥረት ጋር ሲገናኝ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ቧንቧ በቀናት አንድ ጊዜ በሚመጣበት ሰፈር ቤተሰብ ውሃ በበርሜል፣ በጄሪካንና በሮቶ ያጠራቅማል፤ ለድርቅ መዘጋጀት ማለት ይህ ነው ተብሎም ይመከራል። ይሁንና ክዳን የሌለው በርሜል ደንጊንና ቺኩንጉንያን ለሚያስተላልፈው፣ ኤዴስ ለሚባለው ትንኝ መራቢያ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተረጋገጠ የደንጊ ወረርሽኝ ስትመታ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች መታመማቸው ተመዘገበ፤ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን አዳረሰ። ኤዴስ የሚነድፈው በቀን ስለሆነ አጎበር ብቻውን አይከላከለውም። በዚህ ላይ ከእስያ የመጣው፣ በኢትዮጵያም መጀመሪያ በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘው አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የተባለው የወባ ትንኝ ተጨመረ። የለመድናቸው የወባ ትንኞች በገጠር ኩሬና ረግረግ ሲራቡ፣ ይህኛው በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይራባል፤ በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወቅት የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ከዚህ ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

ለአንዱ አደጋ የተደረገ ዝግጅት ሌላውን ሲወልድ ባለሙያዎች የተሳሳተ መላመድ ይሉታል። እዚህ ላይ ጥፋተኛዋ በርሜል የሞላችው እናት አይደለችም። ለሁሉም በርሜል የሚገጥም ክዳን ማደል ቶሎ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፤ እውነተኛው መፍትሔ ግን ቧንቧው በፕሮግራሙ መምጣቱ ነው። የጤና ቢሮው ስለ ትንኝ፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ስለ ፈረቃ፣ የአደጋ ሥጋት ሠራተኛው ስለ ድርቅ በየፊናቸው ሲያስተምሩ አንድ ቤተሰብ ሦስት የሚጋጭ ምክር ይደርሰዋል። ከተሞች ከሚያወጡት ወፍራም የአየር ንብረት ሰነድ ይልቅ እነዚህ ሦስት ሰዎች በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በወር አንድ ቀን ቢቀመጡ የበለጠ ይሠራል።

ገንዘቡና ጉልበቱ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ከፊሉ መልስ አሁንም በእጅ አለ። በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ድሬዳዋን ያካተተ ሲሆን፣ ድሃ ቤተሰቦች በቦይ ጠረጋ፣ በደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብና በአረንጓዴ ልማት ሠርተው ክፍያ የሚያገኙበት ፕሮግራም ነው። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የከተማ ጽዳት ተብሎ ዝቅ ተደርጎ ይታያል፤ በዚህ ምዕራፍ በተገለጸው ስሌት ግን የጎርፍ መከላከያ ነው። ለውጤቱ ወሳኙ ጉዳይ ወቅቱ ነው። ቦይ ሐምሌ ላይ ቢጠረግ ደለሉ ከዳር ተቆልሎ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ድሬዳዋ በልግም ክረምትም ስላላት፣ የቀበሌ አስተዳደሮችና የዕድርና የአፎሻ ዳኞች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በየካቲት አንዴ በግንቦት፣ ቦዩን አስጠርገው፣ የማንቂያውን ስልክ ደውለው ሞክረው፣ ብቻውን የሚኖረውንና በረንዳ የሚያድረውን ጨምሮ የሰፈሩን ዝርዝር አድሰው መጨረስ ይገባቸዋል።